ቻናሉ የማን ነው? የዲኤምኤ አስተዳደር ታሪካዊ ቅኝት

ከአንድ መሣሪያ የመጣ ባይት ወደ ሜሞሪ የሚገባባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። በአንደኛው፣ ባይቱ በደረሰ ቁጥር ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ አቋርጦ ከመሣሪያው ሬጅስተር ያነሳዋል፤ ሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጥና ወደ ሥራው ይመለሳል። በሴኮንድ 115,200 ቢት በሚያስተላልፍ ተራ የሲሪያል መስመር ላይ ይህ ምልልስ በየ87 ማይክሮሴኮንዱ ይደገማል። በሁለተኛው፣ ፕሮሰሰሩ አንድ ጊዜ ብቻ ያዛል፦ ከየት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ስንት ባይት እንደሆነ። ቀሪውን ከፕሮሰሰሩ ውጭ ያለ ትንሽ የሃርድዌር ክፍል ያከናውነዋል፤ ሲጨርስም በኢንተራፕት ያሳውቃል። ይህ ዘዴ ዲኤምኤ ይባላል፤ እያንዳንዱ የማመላለሻ መስመር ደግሞ ቻናል።

ስለ ዲኤምኤ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወደሰው ፍጥነቱ ነው። ታሪኩን ከሥሩ ለተከታተለ ሰው ግን ዋናው ጉዳይ ሌላ ሆኖ ይገኛል፦ ቻናሉ በዚህ ሰዓት የማን ነው? የሚጻፍበት ሜሞሪስ? መቼ ነው ለባለቤቱ የሚመለሰው? የመስኖ ውሃ በተራ በሚከፋፈልበት መንደር የውሃ አባት የሚሸከመውን ኃላፊነት እዚህ የሚሸከመው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከርነል ነው፤ ቦዩ ጥቂት፣ ማሳው ብዙ ነውና ተራውን ያልጠበቀ የሌላውን እርሻ ያደርቃል ወይም ያጥለቀልቃል። ይህ ኃላፊነት ይበልጥ የሚከብደው በራውተር፣ በመኪና ሞተር መቆጣጠሪያ፣ በሕክምና መሣሪያና በስልክ ውስጥ ተቀብረው በሚሠሩት ኢምቤድድ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። እዚያ ቻናሉ ጥቂት፣ ሜሞሪው ጠባብ ነው፤ ስህተት ሲፈጠርም ቁጭ ብሎ ስክሪን የሚመለከት ሰው የለም።

ሐሳቡ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ይቀድማል። በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ የተሠራው ዳይሴክ በ1954 ግቤትና ውጤትን ከስሌት ጋር ጎን ለጎን ማስኬድ ችሎ ነበር። የአይቢኤም 709 በ1950ዎቹ መጨረሻ ራሳቸውን የቻሉ የመረጃ ቻናሎችን ይዞ መጣ፤ በኤፕሪል 1964 ይፋ የሆነው ሲስተም 360 ደግሞ ቻናሉን የራሱን ትእዛዞች ከሜሞሪ እያነበበ የሚፈጽም ትንሽ ኮምፒውተር አደረገው። ያ ግን ለትልልቅ ማሽኖች ብቻ የሚቻል ቅንጦት ነበር። ለትንንሾቹ መንገድ የከፈተው በ1965 የወጣው ፒዲፒ 8 ነው። የእሱ ዘዴ ቀላል ነው፦ መሣሪያው ሜሞሪ ሲያስፈልገው ፕሮሰሰሩን ለአንድ ዙር ያህል ያስቆመዋል፣ ጉዳዩን ይፈጽማል፣ ይለቅቀዋል። መሐንዲሶች ይህን ዙር መስረቅ ይሉታል። የሚሮጠው ፕሮግራም የተሰረቀበትን አያውቅም፤ ትንሽ መዘግየቱ ብቻ ነው።

እነዚህ የተሰረቁ ዙሮች ሲከማቹ ምን እንደሚያስከትሉ ዓለም ያየው ጁላይ 20 ቀን 1969 ነው። የአፖሎ 11 መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ስትወርድ ኮምፒውተሯ 1202 የሚል ማስጠንቀቂያ አሰማ፤ ከዚያ 1201። የአፖሎ ኮምፒውተር ዛሬ በምናውቀው መልኩ የዲኤምኤ መቆጣጠሪያ አልነበረውም፤ የቅርብ ዘመዱ ግን ነበረው። ከመሣሪያዎች የሚመጡ የኤሌክትሪክ ምቶች ሜሞሪ ውስጥ ያሉ ቆጣሪዎችን በቀጥታ ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ ነበር፤ እያንዳንዱ ምት የሚሰርቀውም አንድ የሜሞሪ ዙር፣ 11.7 ማይክሮሴኮንድ ገደማ ነው።

በዚያ ዕለት የመገናኛ ራዳሩ በርቶ ነበር። የራዳሩን ማዕዘን የሚለካው ክፍልና የኮምፒውተሩ ማገናኛ የሚጠቀሙባቸው ሁለት የ800 ኸርዝ የኃይል ምንጮች ፍሪኩዌንሲያቸው ቢገጥምም የሞገዳቸው ምት እርስ በርሱ የተቆራኘ አልነበረም። በዚህም የተነሳ ማገናኛው አንቴናው ያለማቋረጥ የሚንቀሳቀስ መስሎት ሁለት ቆጣሪዎችን እያንዳንዳቸውን በሴኮንድ 6,400 ጊዜ ድረስ ይመታ ጀመር። ሒሳቡ ይህ ነው፦ 12,800 ዙር በ11.7 ማይክሮሴኮንድ ሲባዛ ከእያንዳንዱ ሴኮንድ ወደ 15 በመቶ የሚጠጋ ይወስዳል። ማንም ያላዘዘው፣ ለማንም የማይጠቅም፣ በየትኛውም ፕሮግራም ዝርዝር ውስጥ የማይታይ ሥራ ነበር። ጠፈርተኛው በዝ አልድሪን ተጨማሪ ቁጥሮችን እንዲያሳያቸው ኮምፒውተሩን ሲጠይቁ ጭነቱ ሞልቶ ፈሰሰ።

መንኮራኩሯን ያተረፋት ሃል ላኒንግ የነደፉት የሥራ ቅደም ተከተል አስተዳዳሪ ነው። ሥራ ማስቀመጫ ቦታው ሲሞላ ሲስተሙ ራሱን እንደገና ያስነሳ ነበር፤ አስፈላጊዎቹን ካቆሙበት ያስቀጥላል፣ ሊቀሩ የሚችሉትን ይጥላል። ይህን ታሪክ የጥሩ ሶፍትዌር ምሳሌ አድርጎ መንገር ተለምዷል፤ ተገቢም ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላው ጎኑ ነው። አስተዳዳሪው ሁሉንም ፕሮግራም በቅደም ተከተል ይዞ ሳለ፣ ከእሱ ዕውቀት ውጭ ሜሞሪውን የሚነካ አንድ አካል ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ እያንዳንዱ የዲኤምኤ አስተዳደር ኮድ ይህን ክፍተት ለመዝጋት የተደረገ ሙከራ ነው ብዬ አምናለሁ።

በኦገስት 1981 የአይቢኤም ፒሲ ሲወጣ በውስጡ የነበረው ኢንቴል 8237 አራት ቻናሎች ነበሩት። ቻናል 0 ሜሞሪው ይዘቱን እንዳያጣ በየ15 ማይክሮሴኮንዱ የማደስ ሥራ ተሰጠው። ቻናል 2 የፍሎፒ ዲስክ ሆነ፤ ከዲስኩ አንድ ባይት በየ32 ማይክሮሴኮንዱ ስለሚመጣ መዘግየት አይቻልም። ቻናል 3 በኋላ ሃርድ ዲስክ ወሰደው። ለቀሪው ዓለም የተረፈው ቻናል 1 ብቻ ነበር።

ቺፑ ከባድ ጉድለት ነበረበት። አድራሻ የሚቆጥርበት ሬጅስተር 16 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ64 ኪሎባይት በላይ አያይም። የፒሲው ሜሞሪ አድራሻ 20 ቢት ስለሆነ መሐንዲሶቹ ላይኛዎቹን አራት ቢቶች የሚይዝ ሌላ ሬጅስተር ጎኑ ላይ ጨመሩለት። ችግሩ ሁለቱ አለመነጋገራቸው ነው። ቆጣሪው 64 ኪሎባይት ሞልቶ ወደ ዜሮ ሲመለስ ላይኛው ሬጅስተር አንድ አይጨምርም። ስለዚህ የ64 ኪሎባይት ድንበር የሚያቋርጥ ቡፈር (የመረጃ ማቆያ ሜሞሪ) የሰጠ ፕሮግራም ግማሹ መረጃ በዚያው ገጽ መጀመሪያ ላይ፣ ምናልባትም በሌላ ሰው ኮድ ላይ ይጻፍለታል። ስህተት የሚናገር ኢንተራፕት የለም፤ ቺፑ ሥራውን በሰላም እንደጨረሰ ያሳውቃል። በ1984 የመጣው የአይቢኤም ፒሲ ኤቲ ሁለተኛ 8237 ጨምሮ ጥቅም ላይ የሚውሉትን ቻናሎች ሰባት አደረሳቸው፤ ቻናል 4 ሁለቱን ቺፖች ለማያያዝ ዋለ። አድራሻውም 24 ቢት ሆነ፣ ማለትም እስከ 16 ሜጋባይት። ይህ ድንበር በሊነክስ ውስጥ ራሱን የቻለ የሜሞሪ ክልል ሆኖ ከፒሲው ቺፖች በኋላም ለረጅም ዘመን ኖሯል።

ሳውንድ ካርድ በጃምፐር ያስተካከሉ ሰዎች የዚያን ዘመን አስተዳደር ያስታውሱታል። ቻናሉን የሚያከፋፍለው የካርዱ ባለቤት ራሱ ነበር፤ ሁለት ካርዶች አንድ ቁጥር ከያዙ ማሽኑ ይደርቃል ወይም ድምፁ ይቆራረጣል።

ሊነክስ ለዚህ ያዘጋጀው መልስ በ1992 የሄነስ ቤርግማን ስም የሰፈረበት አጭር ፋይል ነው። ይህን ፋይል በቅርብ ማየት ያስደስታል። ስምንት ቦታ ያለው ሰንጠረዥ አለ፤ በእያንዳንዱ ቦታ ቻናሉ መያዝ አለመያዙን የሚናገር አንድ ቁጥርና የያዘው ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያሠራው ፕሮግራም) ስም ይቀመጣል። ቻናል 4 ከመጀመሪያው ለማያያዣነት እንደተያዘ ተጽፏል። ድራይቨሩ ቻናል ሲጠይቅ ከርነሉ በማይከፋፈል አንድ ትእዛዝ መቆለፊያውን ይለውጣል፤ ቀድሞ የተያዘ ከሆነ ተይዟል የሚል ስህተት ይመልሳል። ያልተያዘ ቻናል ለመልቀቅ የሞከረ ድራይቨርም በከርነሉ መዝገብ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። በቃ፤ ከዚህ ሌላ ብዙም የለውም። ከኮዱ በላይ የሰፈረው ማስታወሻ ግን ከኮዱ ይበልጣል። ድራይቨሮች ሁሉ በአንድ ቅደም ተከተል እንዲጠይቁ፣ በተቃራኒው እንዲለቁ ያሳስባል፦ መጀመሪያ የኢንተራፕት መስመሩን፣ ቀጥሎ ዲኤምኤውን፤ ሲለቁ ዲኤምኤውን ቀድመው። ለጊዜው ለውጥ ባያመጣም ወደፊት ከርነሉ ሲያድግ ያስፈልጋል ይላል። ስለ ቁልፎች ቅደም ተከተል ገና ብዙ ሳይወራ የተጻፈ አርቆ አሳቢ ምክር ነው።

ይህ ሰንጠረዥ የቆመው ቻናል ማለት ቁጥር ነው፣ ቁጥሩም በሁሉም ማሽን አንድ ነው በሚል እምነት ላይ ነው። እምነቱን ያፈረሱት የአርም ቺፖች ናቸው። በአኮርን ሪስክ ፒሲ ላይ ራስል ኪንግ የሚመሩት የሊነክስ ሥራ በሃርድዌር የሌሉ ቻናሎችን እስከ መፍጠር ደረሰ፤ ለፍሎፒ ዲስኩ ፈጣን ኢንተራፕት እንደ ዲኤምኤ ሆኖ እንዲያገለግል ተደረገ። ከዚያ የእጅ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ዘመን መጣ። ስትሮንግአርም የራሱን የቻናል መጠየቂያ ይዞ ገባ። የኢንቴል ፒኤክስኤ የራሱን፣ ሳምሰንግ የራሱን፣ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኦማፕም የራሱን። ሁሉም አንድ ነገር ያደርጋሉ፤ አንዱ ግን ከሌላው ጋር አይግባባም። ለአንድ ቺፕ የተጻፈ የሜሞሪ ካርድ ድራይቨር ወደ ሌላው ለመሄድ እንደገና መጻፍ ነበረበት። በ2011 የሊነክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በአርም ኮድ ድግግሞሽ ላይ በአደባባይ የተቆጡት ለዲኤምኤ ብቻ ብለው ባይሆንም፣ ዲኤምኤ የችግሩ አንድ ጥሩ ማሳያ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከማይጠበቅበት ከሰርቨሮች ወገን ነው። በ2006 በሊነክስ 2.6.18 የኢንቴል መሐንዲሶች ዲኤምኤ ኢንጂን የተባለ የጋራ ማዕቀፍ አስገቡ፤ ዓላማው ከኔትወርክ የመጣን መረጃ ወደ ፕሮግራሞች ሜሞሪ መቅዳት ነበር። ያ የመጀመሪያ ዓላማ አልሰመረም፤ የኔትወርኩ ክፍል በ2014 ከከርነሉ ተነቀለ። ማዕቀፉ ግን ኢምቤድድ ሰዎች እጅ ገብቶ አደገ። ከ2008 ጀምሮ ለመሣሪያዎች አገልጋይ የሆኑ ቻናሎች ተጨመሩበት። ቀጥሎ ቁጥር ቀርቶ ስም መጣ፦ የሲሪያል ድራይቨሩ መቀበያ የሚባለውን ቻናል ስጠኝ ይላል፤ የትኛው ቺፕ ላይ የትኛው ቻናል እንደሆነ የሚናገረው የማሽኑ መግለጫ የሆነው ዲቫይስ ትሪ ነው። በ2012 ደግሞ ራስል ኪንግ ምናባዊ ቻናሎችን የሚያስተዳድር የጋራ ኮድ ጻፉ፤ ብዙ ጠያቂዎች የየራሳቸው ቻናል እንዳላቸው ያስባሉ፣ እውነተኛው ቻናል የሚመደበው ሥራ ሲኖር ብቻ ነው። ከሰንጠረዡ ዘመን ወዲህ ከተደረጉት ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል፤ መያዝንና መጠቀምን ለይቷልና።

ብዙ ተማሪ በእጁ የያዘው ራስፕቤሪ ፓይ ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ያሳያል። በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ሞዴል ቺፕ 16 ቻናሎች አሉት፤ ሁሉም ግን የሊነክስ አይደሉም። ከአርም ፕሮሰሰሩ በፊት የሚነሳው የግራፊክስ ክፍሉ ፈርምዌር የተወሰኑትን ለራሱ አስቀርቷል። ስለዚህ በማሽኑ መግለጫ ውስጥ የተፈቀዱትን ቻናሎች በቢት የሚያመለክት አንድ ቁጥር አለ። በሊነክስ ሰነድ ላይ በምሳሌነት የሰፈረውን ቁጥር ቢት በቢት ላነበበው 1፣ 3፣ 6፣ 7 እና 15 ተዘግተዋል፤ ቀሪዎቹ 11 ክፍት ናቸው። ከርነሉ እዚህ ላይ አከፋፋይ ብቻ አይደለም፤ የማያየውን ጎረቤት ድርሻ ማክበር ያለበት ተካፋይም ነው። አድራሻውም ሌላ ጣጣ አለው። ፕሮሰሰሩ አንድን መሣሪያ በአንድ አድራሻ ሲያየው የዲኤምኤ መቆጣጠሪያው ያንኑ መሣሪያ በሌላ አድራሻ ያየዋል። ፕሮሰሰሩ የሚያውቀውን አድራሻ ሳይተረጉም ለቻናሉ የሰጠ ድራይቨር መረጃውን ወደማይታወቅ ቦታ ይልከዋል።

ከአድራሻ የባሰው ደግሞ ካሽ ሜሞሪ ነው። በብዙ የአርም ቺፖች ላይ ዲኤምኤ የሚያየው ዋናውን ሜሞሪ ብቻ ነው፤ በፕሮሰሰሩ ካሽ ውስጥ ያለውን ቅጂ አያይም። ፕሮሰሰሩ የጻፈው መረጃ ገና ካሽ ውስጥ ሳለ ቻናሉ አሮጌውን ያነሳል፤ ቻናሉ አዲስ መረጃ ሲያስገባ ፕሮሰሰሩ የድሮውን ቅጂ ያነባል። ሊነክስ ከ2.6 ወዲህ ለሁሉም ዓይነት መሣሪያ የሚያገለግል የርክክብ ሥርዓት አለው። ድራይቨሩ ቡፈሩን ለመሣሪያው አስረክቤያለሁ ይላል፤ ከዚያች ቅጽበት እስኪመለስለት ድረስ አንድም ባይት መንካት የለበትም። ካሹ የሚሠራው በመስመር፣ በብዙ ቺፖች ላይ በ32 ባይት ስለሆነ፣ ከቡፈሩ ጎን በአንድ መስመር ላይ የተቀመጠ ምንም የማይመለከተው ተለዋዋጭ ሊበላሽ ይችላል። አንድ ቆጣሪ ያለ ምክንያት ወደ ኋላ ተመለሰ የሚባሉ ሪፖርቶች አንዳንዴ መነሻቸው እዚህ ነው።

ካሽ በ2014 ይፋ ከሆነው ኮርቴክስ ኤም7 ጋር ወደ ማይክሮኮንትሮለሮች ሲወርድ፣ ይህን ጉዳይ አይተው የማያውቁ ፕሮግራመሮች ከችግሩ ጋር ተገናኙ። በኤስቲኤም32 ኤች7 ላይ ሌላ ወጥመድም ተጨመረ፦ ከፕሮሰሰሩ ጋር በቅርበት የተያያዘውን ፈጣን ሜሞሪ ተራዎቹ ሁለት የዲኤምኤ መቆጣጠሪያዎች ፈጽሞ አይደርሱበትም። ፕሮግራሙ ቡፈሩን እዚያ ካስቀመጠ ኮዱ ሙሉ በሙሉ ትክክል ሆኖም መረጃው አይመጣም። ለዚህ ነው በማይክሮኮንትሮለር ላይ ሜሞሪን የሚያከፋፍለው የሊንከር ፋይል የዲኤምኤ አስተዳደር አካል ተደርጎ መታየት ያለበት የምለው።

በእነዚህ ትንንሽ ቺፖች ላይ የቻናሉ እጥረትም ጎልቶ ይታያል። በዓለም ዙሪያ እጅግ የተሰራጨው ኤስቲኤም32 ኤፍ103 በመጀመሪያው መቆጣጠሪያው ሰባት ቻናሎች አሉት፤ የትኛው መሣሪያ የትኛውን እንደሚጠቀም በሲሊከን ተወስኗል። ቻናል 4 የመጀመሪያው ሲሪያል መስመር መላኪያም፣ የሁለተኛው ኤስፒአይ መቀበያም፣ የሁለተኛው አይ ስኩዌርድ ሲ መላኪያም ነው። ሦስቱን በአንድ ጊዜ በዲኤምኤ ማስኬድ አይቻልም። የማይክሮኮንትሮለር ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሆነው ፍሪአርቶስ ከርነሉ ትንሽ እንዲሆን ስለመረጠ ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ ለድራይቨር ጸሐፊው ይተወዋል። ሌላው እንዲህ ያለ ሲስተም፣ በ2007 በግሪጎሪ ነት የተጀመረው ነትኤክስ ግን ከሊነክስ የተለየ መንገድ ሄደ፦ የተያዘ ቻናል የጠየቀ ድራይቨር ስህተት አይመለስለትም፤ ያዡ እስኪለቅ ተኝቶ ይጠብቃል። አንድ ዝውውር ጨርሶ ወዲያው ለሚለቅ ድራይቨር ይህ ያማረ ነው። ሲነሳ ቻናሉን ይዞ ማሽኑ እስኪጠፋ የማይለቅ ድራይቨር ካለ ግን ሁለተኛው ለዘላለም ይተኛል፤ ስህተት የሚናገር መልእክትም አይኖርም። ሥራው ከፋብሪካ ሲወጣ ለተወሰነ ማሽን ክፍፍሉ ኮዱ ሲገነባ ቢረጋገጥ፣ በሩጫ ላይ የሚመጣ ግጭትም ጮክ ብሎ ቢናገር እመርጣለሁ። ማገናኛውን እንደፈለጉ የሚያዞር ተጨማሪ ክፍል ያላቸው አዳዲሶቹ የኤስቲኤም32 ቺፖች ግጭቱን አቅልለውታል፤ የቻናሉ ብዛት ግን አሁንም ውስን ነው።

ከመያዝ ይልቅ መልቀቅ እንደሚከብድ ለመረዳት ረጅም ጊዜ ወስዷል። ድራይቨሩ ቻናሉን አቁም ይላል፤ ከርነሉ ያቆማል፤ ድራይቨሩ ቡፈሩን ለሜሞሪ አስተዳዳሪው ይመልሳል። በዚያች ቅጽበት ግን በሌላ የፕሮሰሰር ኮር ላይ ዝውውሩ ማለቁን የሚያበስረው ተግባር እየሮጠ ሊሆን ይችላል፤ አሁን የሌላ ሰው የሆነውን ሜሞሪ ይነካል። የሊነክስ ዲኤምኤ ኢንጂን ለዓመታት የነበረው ማቆሚያ ይህን አይጠብቅም ነበር። ዝም ብሎ ይጠብቅ እንዳይባል ደግሞ የድምፅ ድራይቨሮች ቻናሉን የሚያቆሙት መተኛት በማይፈቀድበት ቦታ ላይ ሆነው ነው። በማርች 2016 የወጣው ሊነክስ 4.5 ጉዳዩን ለሁለት ከፈለው፦ አንዱ አሁኑኑ አቁም የሚል፣ ሌላው በእርግጥ ሁሉም ነገር መቆሙን ጠብቀህ አረጋግጥ የሚል። የቀድሞው ማቆሚያ ጊዜ ያለፈበት ተብሎ ተመዘገበ። ዲኤምኤ ከተፈለሰፈ ከስልሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የባለቤትነት ጥያቄው በመጨረሻ የደኅንነት ጥያቄ ሆነ። በ2017 የጉግል ፕሮጀክት ዜሮ ተመራማሪ ጋል ቤንያሚኒ በስልክ ውስጥ ያለን የዋይፋይ ቺፕ በአየር ላይ በመጣ መልእክት ከተቆጣጠሩ በኋላ፣ ከዚያ ቺፕ በዲኤምኤ ወደ ዋናው ፕሮሰሰር ሜሞሪ ተሻግረው ከርነሉን መያዝ እንደሚቻል አሳዩ። የመሣሪያዎችን አድራሻ የሚያጣራ የሜሞሪ ዘብ በትልልቅ ቺፖች ላይ አለ፤ ከርነሉ በትክክል ካላዋቀረው ግን አይጠቅምም። በማይክሮኮንትሮለሮች ላይ ያለው የሜሞሪ ጥበቃ ክፍል ደግሞ የሚያየው ፕሮሰሰሩ ራሱ የሚያደርገውን ብቻ ነው፤ ቻናሉ የሚጽፈውን አያግድም። ዜፊር የተባለው የኢምቤድድ ከርነል ቻናል የማዋቀሩን ተግባር ለተራ ፕሮግራሞች የማይከፍተውም ለዚህ ነው፤ አድራሻ መምረጥ የቻለ ፕሮግራም የፈለገበት ቦታ ይጽፋልና። እንደ ኤስቲኤም32 ዩ5 ያሉ አዳዲስ ቺፖች መልሱን ወደ ሲሊከኑ አውርደውታል። ከ16ቱ ቻናሎቹ እያንዳንዱ የጥብቁ ወገን ይሁን የተራው፣ የከርነሉ ይሁን የፕሮግራሙ የሚል ምልክት አለው፤ ማሽኑ ሲነሳ የሚሠራው የመጀመሪያ ኮድ ይህን ምልክት ከቆለፈው ቺፑ እንደገና እስኪነሳ ድረስ ማንም አይለውጠውም።